ባሌስትራ ከመጨመር በፊት ጭነትን መመዘን

በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ የሚገኘው እህል በረንዳ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ትልቁ የእህል መናኸሪያ ሆኖ የኖረ ሥፍራ መሆኑ የታወቀ ነው፡፡ ከአድአና ከምንጃር፣ ከበቾና ከጎጃም፣ ከአርሲና ከባሌ የተጫነ ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎና ጥራጥሬ በዚህ ሥፍራ ከመኪና ወርዶ፣ በደላላ አማካይነት ዋጋው ተቆርጦ፣ በወዛደር ትከሻ ወደ መጋዘን ሲገባ ኖሯል፡፡ ማኛው፣ ነጩና ሰርገኛው ጤፍ በእፍኝ ተዘግኖ፣ በመዳፍ ላይ ተዘርግቶ ይመረመራል፡፡ የእህሉን ጥራት የሚመረምር ዓይን ብዙ ነው፡፡ እህሉን ያመጣውን መኪና ከኋላው ጎንበስ ብሎ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው፡፡

የጭነት መኪናና እህል በረንዳ የተዋወቁት ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ነው፡፡ በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ከመጡት ፊያቶች አንሥቶ፣ ኤንትሬ እየተባለ እስከሚጠራው የፊያት መኪናና ከዚያም በኋላ እስከ ኢሱዙ ድረስ የገበሬውን ምርት ወደዚህ ያመላለሱት መኪናዎች ብዙ ናቸው፡፡ ጋራዡም ቋንቋውን ያገኘው ከዚያው ዘመን ነው፡፡ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ግራሶ የሚሉት ቃላት ሁሉ የጣሊያንኛ ዘር አላቸው፡፡ ባሌስትራም እንዲሁ ነው፡፡ ቃሉ በጣሊያንኛ መጀመሪያ የሚያመለክተው በጦር ሜዳ ይሠራበት የነበረ የቀስት ዓይነት ሲሆን፣ የመኪናው ባሌስትራም በእርግጥ የተወጠረ ደጋን ይመስላል፡፡

ዛሬ ጥያቄ የሚያስነሡት ግን ትልልቆቹ የጭነት መኪኖች ሳይሆኑ ትንንሾቹ የመስክ መኪኖች ናቸው፡፡ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የገበሬ ማኅበራት አቅማቸው ሲፈቅድ የሚገዙት ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ወይም ሂሉክስ ፒክ አፕ ሥራው አንድ ብቻ አይደለም፡፡ በክረምት መግቢያ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያመላልሳል፤ ኮሚቴውን ወደ ወረዳ ስብሰባ ያደርሳል፤ ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ብትኖርና አምቡላንስ ቢዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሮጠው እሱ ነው፡፡ መኸር ሲገባ ደግሞ እህል ይጫንበታል፡፡ ከእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ በኋላ እህል በረንዳ የሚደርሰው መኪና ብዙ ጊዜ ኋላው ረግቦ፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ቀንቶ፣ የኋላ ጎማው ከጭቃ መከላከያው ጋር ሊነካካ ምንም ያህል ሳይቀረው ነው፡፡

በዚህ ጊዜ ለሾፌሩም ሆነ አብሮት ለመጣው የማኅበሩ ተወካይ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ ባሌስትራ አስጨምሩ የሚል፡፡ ሶማሌ ተራም ሩቅ አይደለም፡፡ አዲስም ሆነ ያገለገለ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ይህ የመርካቶ ክፍል ከእህል በረንዳ በእግር የሚደረስበት ነው፡፡ በመሆኑም እህሉ ተራግፎ ገንዘቡ እስኪቆጠር ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ ከሌላ መኪና የተፈታ አንድ ወይም ሁለት ዝርግ ብረት ተጨምሮበት፣ ጭራው ቀና ብሎ ወደ አገሩ ሊመለስ ይችላል፡፡ ነገሩ ቀላል ይመስላል፡፡ ሆኖም የማኅበሩ መሪዎች ከአባላቱ ላብ የተጠራቀመውን ገንዘብ ለዚህ ሥራ ከማውጣታቸው በፊት፣ የተጨመረው ብረት ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ለይተው ማወቅ ይኖርባቸዋል፡፡

ባሌስትራና ሾክ አብዞርበር ሥራቸው ይለያያል

ባሌስትራ አንዱ ከአንዱ እያጠረ የሚደረደር የሞላ ብረት ነው፡፡ ከሁሉም የሚረዝመው ዋናው ብረት ሁለቱ ጫፎቹ ተጠቅልለው ዓይን ይሠራሉ፤ በዓይኖቹም በኩል በቡሽና በፒን አማካይነት ከቻሲሱ ጋር ይያያዛል፡፡ መሃሉ ላይ ሁሉንም ብረቶች የሚያያይዝ ቡሎን አለ፡፡ በዚያ ግራና ቀኝ ደግሞ እንደ ፈረስ ኮቴ የጎበጡ ቡሎኖች ባሌስትራውን ከኋላው አክስል ጋር አጥብቀው ያስሩታል፡፡ ብዙ ፒክ አፖች ከሥር ወፍራምና ቀጥ ያለ አንድ ብረት አላቸው፡፡ መኪናው ባዶ ሲሆን ይህ ብረት ሥራ ፈት ነው፤ ጭነት ሲመጣ ብቻ ከሌሎቹ ጋር ገጥሞ ያግዛል፡፡

ቀድሞ በልማት ሠራተኞች እጅ የነበረው ላንድሮቨር ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ የሚሄድ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ግን ፋብሪካው ወደ ጥምዝ ሞላ ተዛውሯል፡፡ ላንድ ክሩዘርም በቤተሰብ መኪናነቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሌስትራን ሲተው፣ ለከባድ ሥራ የሚመረተው ባለ 70 ተከታታይ ሞዴል ግን የፊቱን ብቻ ቀይሮ ከኋላ በባሌስትራው ጸንቷል፡፡ ምክንያቱ ግልጽ ነው፡፡ ባሌስትራ ጭነት ይችላል፤ አክስሉንም በቦታው ይይዛል፤ ቢሰበር እንኳ ገጠር ውስጥ ታስሮ እስከ ከተማ ድረስ ሊያዘግም ይችላል፡፡

ሾክ አብዞርበር ግን ጭነት አይሸከምም፡፡ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፡፡ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ባሌስትራው ይታጠፋል፤ ከታጠፈ በኋላ መልሶ ይወረውራል፡፡ ያንን ውርወራ የሚያበርደው ሾኩ ነው፡፡ በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች ሲያልፍ የንዝረቱን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፡፡ ሽንሽን በሆነ ጠጠር መንገድ ላይ ረጅም ሰዓት የተጓዘ መኪና ሾኩ በእጅ የማይነካ እስኪሆን የሚግለው በዚህ ምክንያት ነው፡፡ ሾኩ ያለቀ መኪና ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ይዘላል፡፡ የዘለለ ጎማ ደግሞ ፍሬን ቢያዝበትም መኪናውን አያቆምም፡፡

ከዚህም የሚከተለው ነገር አለ፡፡ ባሌስትራው በጠነከረ መጠን መልሶ የሚወረውርበት ኃይል ስለሚጨምር፣ የቀድሞው ሾክ ያንን ሊገታ አይችልም፡፡ ባሌስትራ ብቻ ተጨምሮለት በአሮጌ ሾክ የሚሄድ መኪና ባዶውን ሲሆን እንደ ፍየል እየዘለለ የሚሄደው ለዚህ ነው፡፡ በዚያ መኪና ላይ የታመመ ሰው ወይም ነፍሰ ጡር ሴት ከተጫነች የመንገዱን ሥቃይ በእጥፍ ትቀበላለች፡፡

የተጨመረው ብረት ምን ያህል እንደሚያጠነክር ለመገመት አንድ የሜካኒክ ሒሳብ ማወቅ ይጠቅማል፡፡ ውፍረታቸው እኩል በሆኑ አምስት ብረቶች ላይ በልኩ የሆነ ስድስተኛ ቢጨመር ጥንካሬው ሲበዛ በአምስት አንድ እጅ ገደማ ይጨምራል፡፡ ነገር ግን የብረቱ ውፍረት እጥፍ ቢሆን ግትርነቱ ሁለት እጥፍ ሳይሆን ስምንት እጥፍ ይሆናል፡፡ ከጭነት መኪና የተፈታ ወፍራም ብረት ቆርጦ በፒክ አፕ ላይ መጨመር የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው፡፡ ወፍራሙ ብረት ከሌሎቹ ጋር አብሮ አይታጠፍም፡፡ ጫናው ጫፉ ባረፈበት ነጥብ ላይ ስለሚሰበሰብ ውሎ አድሮ ዋናው ብረት እዚያው ላይ ይሰነጠቃል፡፡

መርገቡ ራሱ ሚዛን ነው

ባሌስትራ የተጨመረለት መኪና ቀና ይላል እንጂ የመሸከም አቅሙ አይጨምርም፡፡ የመኪናው ጠቅላላ ክብደት በፋብሪካው ሲወሰን የታየው ባሌስትራው ብቻ አይደለም፤ ቻሲሱ፣ አክስሉ፣ የጎማው ኩሽኔታ፣ ጎማውና ከሁሉም በላይ ፍሬኑ ታይቶ ነው፡፡ ባሌስትራው ቢቀየርም እነዚህ ሁሉ የቀድሞዎቹ ናቸው፡፡

እንዲያውም የመኪናው ኋላ መርገብ ለጫኙ የተሰጠ ሚዛን ነው ሊባል ይችላል፡፡ ጆንያው ከልክ ሲያልፍ መኪናው ጎንበስ ብሎ ይናገራል፡፡ ተጨማሪ ብረት ሲገባበት ግን ይህ ሚዛን ዝም ይላል፡፡ ቀድሞ በ10 ኩንታል ይረግብ የነበረው መኪና አሁን በ15 ኩንታልም ቀና እንዳለ ስለሚታይ፣ ጫኙም፣ ሾፌሩም፣ በጆንያው ላይ ወጥቶ የሚቀመጠው ገበሬም ሁሉ ነገር ደኅና ይመስላቸዋል፡፡

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የብረት ሳይሆን የሒሳብ ሥራ ነው፡፡ የማኅበሩ ሒሳብ ሹም የመኪናውን ሊብሬና በበሩ ምሰሶ ወይም በሞተሩ ክፍል ውስጥ የተለጠፈውን የፋብሪካ ሰሌዳ ይመልከት፡፡ ለምሳሌ ያህል የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት 3,000 ኪሎ ግራም፣ የመኪናው ባዶ ክብደት ደግሞ 2,000 ኪሎ ግራም ቢሆን ልዩነቱ 1,000 ኪሎ ወይም 10 ኩንታል ነው፡፡ ይህ ማለት ግን 10 ኩንታል እህል ይጫናል ማለት አይደለም፡፡ ሾፌሩ፣ ሊቀ መንበሩና ገንዘብ ያዡ እያንዳንዳቸው 65 ኪሎ ቢመዝኑ 195 ኪሎ ሄደ፡፡ ቀሪው 805 ኪሎ ነው፡፡ በካሶኒው ላይ የተበየደ የብረት አጥር፣ ሁለተኛ ትርፍ ጎማና በበርሜል የተያዘ ነዳጅ ካለ ከዚሁ ላይ ይቀነሳል፡፡ አዲስ የሚጨመረው ባሌስትራም ራሱ ብረት ነውና ከጭነቱ ላይ የራሱን ድርሻ ይወስዳል፡፡ እንግዲህ እውነተኛው ልክ 7 ኩንታል ተኩል ገደማ ሆኖ ይገኛል፡፡

ማዳበሪያ በ50 ኪሎ ከረጢት ስለሚመጣ መቁጠሩ አያስቸግርም፡፡ እህል ግን እንደ ጆንያው አሞላል ይለያያል፡፡ ኩንታል ተብሎ የታሰረው ሁሉ 100 ኪሎ ነው ብሎ መነሣት ትልቅ ስሕተት ላይ ይጥላል፡፡ የማኅበሩ ሚዛን ለግዢ ብቻ ሳይሆን ለጭነትም ማገልገል አለበት፡፡

ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ሌላ መፍትሔም አለ፡፡ ይኸውም የአጫጫን ዘዴ ነው፡፡ ከኋላው አክስል በስተጀርባ የሚቀመጥ ጆንያ እንደ ሚዛን እንጨት ጫፍ የኋላውን ሲጫን የፊቱን ያነሣል፡፡ የፊት ጎማው የቀለለ መኪና መሪው አይታዘዝም፤ መብራቱም መንገዱን ትቶ የዛፍ ጫፍ ያበራል፡፡ ከባዱ ጆንያ ከሾፌሩ ክፍል ጀርባ ተጠግቶ፣ ቀላሉ ወደ ኋላ ሲደረደር ባሌስትራ ሳይነካ ብዙው መርገብ ይስተካከላል፡፡ እህል በረንዳ የደረሰ ወዛደር ለማውረድ እንዲመቸው ሲባል ጆንያውን ሁሉ ወደ በሩ አስጠግቶ መጫን በብዙ ቦታ የሚታይ ልማድ ነው፤ መቆም ያለበትም ልማድ ነው፡፡

የአባይ ቁልቁለትና ፍሬን

ከጎጃም ወደ እህል በረንዳ የሚመጣ እህል በአባይ በረሃ በኩል ያልፋል፡፡ ከደጀን ተነሥቶ እስከ ወንዙ ድረስ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል፡፡ በዚህ ቁልቁለት ላይ መኪናን የሚይዘው ባሌስትራ አይደለም፡፡ የመኪናው ጠቅላላ ክብደት በጨመረ ቁጥር ፍሬኑ ወደ ሙቀት ሊለውጠው የሚገባው ጉልበትም በዚያው ልክ ይጨምራል፡፡ የፍሬኑ ሸራና ከበሮ ግን የተሠሩት በሰሌዳው ላይ ለተጻፈው ክብደት ነው፡፡ ልክ ያለፈ ጭነት ይዞ፣ በትልቅ ማርሽ እየወረደ፣ እግሩን ከፍሬን ያላነሣ ሾፌር ወንዙ ጋ ሳይደርስ የፍሬን ሽታ ይሸተዋል፡፡ ከሽታው ቀጥሎ የሚመጣው የፍሬን እምቢታ ነው፡፡

እዚህ ላይ ብዙ ሾፌሮች፣ አንዳንድ መካኒኮችም ጭምር የማያስተውሉት አንድ ዕቃ አለ፡፡ በብዙ ፒክ አፖችና የመስክ መኪኖች ላይ ከቻሲሱ ተነሥቶ በቀጭን ዘንግ ከኋላው አክስል ጋር የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ ይገኛል፡፡ ሥራውም ጭነትን መለካት ነው፡፡ ኋላው ሲረግብ መኪናው እንደተጫነ አውቆ ለኋላ ጎማዎች ብዙ ፍሬን ይለቃል፤ ኋላው ከፍ ሲል ባዶ ነው ብሎ ይቀንሳል፡፡ ይህ መኪና ባሌስትራ ተጨምሮለት ከፍ ካለ በኋላ እህል ቢጫንበት፣ ቫልቩ መኪናውን ባዶ መስሎት የኋላውን ፍሬን ይቀንሰዋል፡፡ ፍሬን እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ፍሬን ይጎድላል ማለት ነው፡፡ በመሆኑም ኋላው ከፍ የተደረገ መኪና የዚህ ቫልቭ ዘንግ በመኪናው መጽሐፍ መሠረት እንደገና ካልተስተካከለ ከጋራዥ መውጣት የለበትም፡፡ የማኅበሩ መሪ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ እንኳ ይህን ጥያቄ መካኒኩን ሳይጠይቅ ገንዘብ አይክፈል፡፡

መቼ ይቀየር? ምን ይገዛ?

ከላይ የተባለው ሁሉ ባሌስትራ ፈጽሞ አይነካ ማለት አይደለም፡፡ ብዙ ዓመት ያገለገለ ባሌስትራ ይደክማል፡፡ መድከሙም የሚታወቀው በግምት ሳይሆን በሜትር ነው፡፡ መኪናው ባዶውን ሆኖ በሜዳ ላይ ይቆምና ከጎማው መሃል እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ ያለው ርቀት ግራና ቀኝ ይለካል፡፡ አንዱ ጎን ከሌላው ካነሰ፣ ወይም ባዶ ሆኖ ሳለ ባሌስትራው ደጋንነቱን ትቶ ቀጥ ካለ ጊዜው አልፏል፡፡ በብረቶቹ መካከል የዝገት መሥመር የሚታይ ከሆነ ስንጥቅ ሊኖር ስለሚችል በብሩሽ ተጠርጎ ይመርመር፡፡ መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ወደ ጎን እንደሚሄድ ውሻ ኋላውን አጣሞ ከሄደ የመሃሉ ቡሎን ተቆርጦ አክስሉ ከቦታው ተንሸራትቶ ይሆናል፡፡ እንዲህ ባለ ጊዜ ጉዞው እዚያው መቆም አለበት፡፡ ሾኩ ደግሞ ገላው ላይ ዘይት ካዘነበ፣ ወይም የመኪናው ጥግ ተጭኖ ሲለቀቅ ከአንድ ጊዜ በላይ ከተወዛወዘ ሥራውን ጨርሷል፡፡

በተፈቀደው ልክ እየጫነ የረገበ መኪና የሚያስፈልገው ተጨማሪ ብረት ሳይሆን ሙሉ የባሌስትራ ቅያሬ ነው፡፡ በሌላ በኩል መኪናው ዓመቱን ሙሉ በልኩ ሙሉ ጭነት የሚሠራ ከሆነ፣ ለዚያው ሞዴል በአንድ ደረጃ ጠንከር ተደርጎ የተሠራ ባሌስትራ ከነተስማሚ ሾኩ መግዛት ተገቢ ነው፡፡ ሁለቱም ጎን በአንድ ጊዜ ይቀየራል፤ አንዱ ጎን አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ማድረግ መኪናውን ያጣምመዋል፡፡ የሾኩም ርዝመት ከአዲሱ ከፍታ ጋር መጣጣም አለበት፡፡ አጭር ሾክ መኪናው ሲዘል ተወጥሮ ይበጠሳል፡፡ ከልክ በላይ ከፍ ማድረግም ኃይል ወደ ኋላ የሚያስተላልፈውን ዘንግ ማዕዘን ያበላሻል፡፡ ከዚህ በላይ ለሚሆን ጭነት ግን መፍትሔው ሶማሌ ተራ የለም፤ ሁለት ጊዜ መመላለስ፣ ወይም ከጎረቤት ማኅበር ጋር ተባብሮ አንድ ኢሱዙ መከራየት ነው፡፡

የደከመ ባሌስትራን በመዶሻ እየደበደቡ እንደገና ማስጎበጥ በየቦታው ይሠራበታል፡፡ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በቀዝቃዛው የተቀጠቀጠ ብረት ብዙ ሳይቆይ ወደነበረበት ይመለሳል፡፡ በእሳት አግሎ ማስጎበጥ ደግሞ የብረቱን ጽናት የሚሰጠውን የፋብሪካ አሳሳል ያጠፋዋል፤ በሥርዓቱ እንደገና ካልተሳለ በቀር ይለሰልሳል ወይም ይሰበራል፡፡ የተሰነጠቀን ባሌስትራ መበየድም የዚሁ ጥፋት ዘመድ ነው፡፡

የተፈታው አሮጌ ባሌስትራ ግን ከንቱ ሆኖ አይቀርም፡፡ የአገራችን ቀጥቃጭ የሞላ ብረትን ዋጋ ከማንም በላይ ያውቃል፡፡ ምናለሽ ተራ ከሚሰበሰበው ቁራጭ ብረት መካከል ባሌስትራ ተፈላጊ ነው፡፡ ማጭድ፣ ቢላዋና ጠገራ ይወጣዋል፡፡ ስለዚህ የማኅበሩ ተወካይ አሮጌውን ለጋራዡ ትቶ ከመሄድ ይልቅ ቆጥሮ ተረክቦ በካሶኒው ላይ ጭኖ ቢመለስ፣ የቀበሌው ባለ እጅ ለአባላቱ ማጭድ ይሠራበታል፡፡

በጋራዡ ሥራው ሲከናወን የማኅበሩ ሰው አጠገቡ ቢቆም መልካም ነው፡፡ እንደ ፈረስ ኮቴ የጎበጡት ቡሎኖችና ዳዶዎቻቸው አንድ ጊዜ በኃይል ተጠብቀው ስለሚለጠጡ አሮጌዎቹን መልሶ ማሰር ቁጠባ አይባልም፤ አዲስ ይገዙ፡፡ ባሌስትራ ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው በመሃሉ ቡሎን ቀዳዳ ላይ ሲሆን፣ ምክንያቱም እነዚህ ቡሎኖች መላላታቸው ነው፡፡ የጎማ ቡሽ ያለባቸው ፒኖች በመጨረሻ የሚጠበቁት መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማዎቹ ከቆመ በኋላ ነው፤ በአየር ላይ እንዳለ የተጠበቀ ቡሽ ሲወርድ ተጠማዝዞ ቶሎ ይቀደዳል፡፡ ደረሰኙ ላይ የዕቃው ዓይነትና ብዛት በዝርዝር ይጻፍ፡፡

መኪናው ወደ ቀበሌው ተመልሶ የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ እነዚያው ቡሎኖች እንደገና በቁልፍ ይጠበቃሉ፡፡ በዚያኑ ዕለት መኪናው ባዶውን በሜዳ ቆሞ የግራውና የቀኙ ከፍታ ይለካል፡፡ ቀጥሎም በሒሳብ የተገኘው ልክ፣ ለምሳሌ 7 ኩንታል ተኩል፣ ተመዝኖ ይጫንበትና ዳግመኛ ይለካል፡፡ ሁለቱ ቁጥሮች በማኅበሩ መዝገብ ላይ ከሞተር ዘይት መቀየሪያው ቀን ጎን ይጻፋሉ፤ በካሶኒው ጎን ላይም የተጫነው መኪና የሚደርስበት ከፍታ በቀለም ይሠመራል፡፡